እኩል ፒስተን፣ የተለያየ ጉልበት፦ ባለ ሁለት ምትና ባለ አራት ምት ሞተር በጅማ ዳገት ላይ

በቤቴ በረንዳ ላይ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። አንደኛው ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ባለ ሁለት ምት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለኝ፣ ጠዋት ሲነሣ ግቢውን በሰማያዊ ጭስ የሚያጥን አሮጌ ወዳጅ። ሁለተኛው ሆንዳ ኤክስኤል 125 ነው፤ ባለ አራት ምት፣ ከጨረታ የገዛሁት፣ ድምፁ ረጋ ያለ፣ ጠባዩም እንደ ድምፁ የሆነ። ባለፈው ክረምት ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ለዕድሳት ጋራዥ ገቡ። መካኒኩ ሞተሮቹን አውርደው፣ ሁለቱን ፒስተኖች በቤንዚን አጥበው፣ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። በዕድሜ ከአባቴ የሚቀራረቡ ሰው ናቸው። «እስቲ የቱ የየትኛው እንደሆነ ሳትነካ ንገረኝ» አሉኝ።

በዓይን ሲታዩ እኩል ናቸው። የዲቲው ሲሊንደር 56 ሚሊ ሜትር ስፋትና 50 ሚሊ ሜትር የፒስተን ጉዞ ሲኖረው፣ የኤክስኤሉ 56.5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 49.5 ሚሊ ሜትር ጉዞ አለው። ስለዚህ ይዞታቸው የመጀመሪያው 123፣ ሁለተኛው 124 ሲሲ (ኩብ ሳንቲ ሜትር) ይሆናሉ፤ ልዩነታቸው አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በመጨረሻ ያዳነኝ ፋሻው፣ ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት ነው። የባለ አራት ምቱ ፒስተን ከሁለቱ የእመቃ ፋሻዎች በታች ሦስተኛ የዘይት ፋሻ ነበረው፤ ሥራውም ከታች የሚረጨውን ዘይት ከሲሊንደሩ ግድግዳ እየጠረገ መመለስ ነው። ባለ ሁለት ምቱ ይህ ፋሻ የለውም፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚያቃጥለው የሚመልሰው ነገር የለም። ጥያቄው እዚያ ጋዜጣ ላይ ተጀመረ፦ ስፋታቸውም ጉዟቸውም እኩል የሆኑ ሁለት ፒስተኖች ለምን እኩል ጉልበት አይሰጡም? የሚሰጡት ጉልበትስ ለምን በጠባዩ እንደ ውርንጭላና እንደ በቅሎ ይራራቃል?

ባለ አራት ምቱ ሞተር ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 በሥራ ላይ ያዋለውን ሥርዓት ይከተላል። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ያምቃል፤ ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ተገፍቶ ይወርዳል፤ እንደገና ሲወጣ የተቃጠለውን ጭስ ያስወጣል። አራት ጉዞ፣ ሁለት ሙሉ ዙር፣ አንድ ፍንዳታ። በሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ባልቦላዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ጊዜ ስላለው አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ባለ ሁለት ምቱ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ዙር ይጨርሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ ባስተዋወቀው ዘዴ መሠረት ከፒስተኑ በታች ያለው የሞተሩ ሆድ ራሱ እንደ ፓምፕ ያገለግላል። ፒስተኑ ከላይ ሲያምቅ ከታች አዲስ ድብልቅ ይስባል፤ ተገፍቶ ሲወርድ ከታች ያለውን ድብልቅ ይጫንና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በተከፈቱ መስኮቶች በኩል ወደ ላይ ይልከዋል። ያ አዲስ ድብልቅ እግረ መንገዱን የተቃጠለውን ጭስ በሌላኛው መስኮት እየገፋ ያስወጣል። ባልቦላ የለም፤ መስኮቶቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው የፒስተኑ አካል ነው።

ከዚህ ላይ ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። ሁለቱም በደቂቃ 6,000 ዙር ቢዞሩ፣ ባለ ሁለት ምቱ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ባለ አራት ምቱ 50 ጊዜ ይፈነዳሉ። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህንን ሒሳብ ይዤ፣ ሻይ ቤት ለተቀመጠ ሁሉ «የእኔ ዲቲ ከማንኛውም 125 ሞተር እጥፍ ጉልበት አለው» እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ። ተሳስቼ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ለክርክር በሚያሳፍር መጠን ተሳስቼ ነበር። የባለ ሁለት ምቱ ፒስተን ወደ ታች በሚያደርገው ጉዞ ግማሽ መንገድ ገና እንዳለፈ የጭስ ማውጫው መስኮት መከፈት ስለሚጀምር፣ የፍንዳታው ግፊት እስከ መጨረሻ አይሠራም። ከዚያም አዲሱ ድብልቅ ሲገባና አሮጌው ጭስ ሲወጣ ሁለቱም መስኮቶች በአንድ ጊዜ ክፍት ስለሚሆኑ፣ ከአዲሱ ድብልቅ የተወሰነው ሳይቃጠል ያመልጣል፤ ከአሮጌው ጭስም የተወሰነው ውስጥ ይቀራል። ፍንዳታው እጥፍ ቢሆንም እያንዳንዱ ፍንዳታ የሚያስተላልፈው ግፊት ያነሰ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የሞቶክሮስ፣ ማለትም በአፈርና በጉብታ ሜዳ ላይ የሚደረግ የሞተር ሳይክል ውድድር ደንብ ነው። በዘመናችን የሚሠሩ የውድድር ሞተሮችን ስናይ፣ 250 ሲሲ ባለ ሁለት ምት 45 የፈረስ ጉልበትን አልፎ ወደ 50 ሲጠጋ፣ እርሱን ለመገዳደር የሚቀርበው 450 ሲሲ ባለ አራት ምት ከ50 የሚበልጥ ይሰጣል። በታችኛው መደብም 125 ባለ ሁለት ምት ከ250 ባለ አራት ምት ጋር ይሰለፋል። እንግዲህ በሲሲ ሲመዘን ባለ ሁለት ምቱ በእርግጥ ይበልጣል፤ በኪሎም ሲመዘን እንዲሁ፤ ባልቦላ፣ ካም (ባልቦላውን የሚገፋው ዘንግ) እና የካም ሰንሰለት ስለማይሸከም ቀለል ይላል፤ በውስጡ የሚሽከረከረውም ዕቃ ስለሚያንስ መሪው ሲዞር እጅ ላይ አይከብድም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔን ያሳሳተኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ያ ጉልበት የሚገኝበትን ሰዓት አለማወቄ።

የፈረስ ጉልበት የሚባለው ቁጥር ከሁለት ነገሮች ብዜት የሚገኝ ነው፤ ሞተሩ በአንድ ዙር ከሚያሳርፈው የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ የሚሉት ነው) እና በደቂቃ ከሚዞረው ዙር። ስለዚህ አንድ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጠንካራ ቶርክ ይዞ፣ ሌላው ደግሞ በከፍተኛ ዙር ደከም ያለ ቶርክ ይዞ አንድ ዓይነት የፈረስ ጉልበት ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ጭቃ ላይ ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃሉ።

የባለ ሁለት ምቱን ጠባይ የሚወስነው በዋናነት ማርሚታው ነው። የዲቲን የጭስ ማውጫ ያየ ሰው፣ ከሞተሩ ሲወጣ ቀጭን፣ መሐሉ ላይ እንደ ቅል ሆድ ያበጠ፣ መጨረሻው ላይ ተመልሶ የሚጠብ መሆኑን ያስታውሳል። ያ ቅርጽ ለውበት አልተሠራም። ጭሱ በኃይል ሲወጣ የግፊት ሞገድ ይፈጥራል፤ ሞገዱ ወደ ሰፊው ክፍል ሲገባ ወደ ኋላ የሚስብ ሞገድ ይመለሳል፤ ወደሚጠበው ክፍል ሲደርስ ደግሞ የሚገፋ ሞገድ ተመልሶ፣ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ነገር ግን ሞገዱ ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ በቱቦው ርዝመት የተወሰነ ነው። ዋሽንት ቀዳዳዎቹ በተበሱበት ቦታ ልክ ብቻ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ማርሚታውም በተሠራለት የዙር ክልል ብቻ «ይዘፍናል»። ዙሩ ከዚያ በታች ከሆነ ሞገዱ ቀድሞ፣ በላይ ከሆነ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሞተሩም ይደነዝዛል። በክልሉ ውስጥ ሲገባ ግን ድምፁ በድንገት ይለወጥና ሞተሩ ከሥር እንደሚያመልጥ በሬ ይወረወራል።

ይህን ጥበብ እስከ ጫፍ ያደረሱት በምሥራቅ ጀርመን የኤምዜድ ፋብሪካ መሐንዲስ የነበሩት ቫልተር ካደን ናቸው፤ በ1950ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በጠባብ በጀት እየሠሩ ትንንሽ ሞተሮችን ከትልልቆቹ ጋር አፎካክረዋል። ታሪኩ አሳዛኝ ቅጥያ አለው፤ የራሳቸው ተወዳዳሪ የነበረው ኤርንስት ዴግነር እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ዕውቀቱን ይዞ ሱዙኪ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመትም በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ጃፓኖች ያንን ዕውቀት አስፋፍተው ዓለምን በባለ ሁለት ምት ሞተር አጥለቀለቁ። የእኔ ዲቲ ላይ ያለው ባለ ሆድ ማርሚታም የዚያ ዘር የልጅ ልጅ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን ወደ ዳገቱ ልመለስ። የባለቤቴ ወንድም በማና ወረዳ፣ ከየቡ ወጣ ብሎ፣ የቡና እርሻ አለው። ከዋናው መንገድ ወደ ቤቱ የሚያስወጣው መንገድ ርዝመቱ ከሦስት መቶ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ አፈሩም በጅማ ዙሪያ ሁሉ እንደምናውቀው ቀይ ሆኖ፣ በደረቅ ወቅት እንደ ሲሚንቶ የሚጠነክር፣ ሲዘንብበት ደግሞ እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ነው። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ «ዶቄ» ይለዋል፤ ጭቃ ማለት ነው፤ እኔ ግን በአማርኛው «ጭቃ» ከሚለው ይልቅ ይህ ቃል ክብደቱን የሚገልጸው ይመስለኛል። ግንቦት ላይ፣ ዋጋ እስኪጨምር ብሎ ያቆየውን ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ከታችኛው ማሳ ጎተራ ወደ ቤቱ ማጓጓዝ ነበረበትና ሁለቱንም ሞተሮች ይዘን ሄድን። አንዱን እኔ፣ ሌላውን እርሱ።

መጀመሪያ ባዶውን፣ ገና ሳይዘንብ ወጣን። በዚያን ጊዜ ውጤቱ የጠበቅኩት ነበር። ዲቲው በሁለተኛ ማርሽ ዙሩን ከፍ አድርጌ ስለቀው እየዘለለ ወጣ፤ ኤክስኤሉ ወደ ኋላ ቀረ፤ እኔም ዳገቱ አናት ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ ያንን የድሮ ክርክሬን በልቤ አደስኩ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከሰዓት በኋላ በእያንዳንዱ ሞተር ኋላ አንድ ማዳበሪያ ጀንፈል አስረን ከታችኛው ማሳ ስንመለስ ነገሩ ተገለበጠ።

በጭነትና በጭቃ ላይ ዙሩን ከፍ አድርጎ መንደርደር አይቻልም፤ ጎማው መሬቱን ከመያዝ ይልቅ ይቆፍራል። ዙሩን ዝቅ ሳደርግ ደግሞ ዲቲው ከማርሚታው ክልል ወጥቶ «ቧ… ቧ…» እያለ ይታነቃል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ፣ ግማሽ ለቅቄ ዙሩን ለማቆየት ስታገል፣ ከደነዘዘው ወደ ጉልበተኛው የሚሸጋገርበት ቅጽበት ደረሰና የኋላው ጎማ በአንድ ጊዜ ፈተለከ፤ ሞተሩ ጎኑን ሰጥቶ ተሻገረ፤ እኔም ከነጀንፈሉ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሽታው ይታወሰኛል፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮንና የረጠበ ቡና። የባለቤቴ ወንድም በኤክስኤሉ በአንደኛ ማርሽ፣ ከሚኒሞ (ሞተሩ ቆሞ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ብዙም ከፍ ባላለ ዙር፣ «ድግ… ድግ… ድግ…» እያሰኘ በአጠገቤ አልፎ ወጣ። ሲያልፍ እንኳ ወደ እኔ ዞር አላለም፤ ቢዞር ሚዛኑን እንደሚስት ያውቃል።

በአንድ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ተወዳድረን አንድ አንድ ወጣን ማለት ነው፤ ሆኖም ሁለተኛው ውድድር ስለ ሥራ ሞተር የበለጠ ነገረኝ። ባለ አራት ምቱ በዝቅተኛ ዙር እንኳ ሲሊንደሩን በቅጡ ስለሚሞላ ቶርኩ ከታች ይጀምራል። በተጨማሪም ከፍንዳታ እስከ ፍንዳታ ያለው ርቀት ሁለት ዙር ስለሆነ፣ የኋላው ጎማ አንድ ጊዜ ተገፍቶ ቀጣዩ ግፊት እስኪመጣ መሬቱን መልሶ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል ይላሉ አሽከርካሪዎች፤ በጭቃ ላይ የሚሰማኝም ይኸው ነው። ዲቲው ግን ጉልበቱ የሌለ ሳይሆን፣ በዚያ ዳገት ላይ በማልደርስበት ፎቅ የተቀመጠ ነበር።

ቁልቁለቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ወደ ዴዶ አቅጣጫ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእርጥብ ቀይ አፈር ላይ የፊት ፍሬን መንካት ራስን መጣል ነው። ባለ አራት ምቱን የቤንዚን እጀታውን ዘግተህ በዝቅተኛ ማርሽ ብትለቀው ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል፤ ባለ ሁለት ምቱ ግን እምብዛም አይዝም፤ እንደ ብስክሌት ይንሸራተታል። በውድድር ላይ ይህ መልካም ነው፤ ወደ ኩርባ በፍጥነት ገብተህ በነፃነት ትታጠፋለህ። ከኋላህ የክትባት ሳጥን ወይም ሰው ካለ ግን መልካም አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር በከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ልዩ ትርጉም አለው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ ሁለቱም ሞተሮች በዚያው መጠን ጉልበት ያጣሉ፤ በዚህ ረገድ አድልዎ የለም። አድልዎው የሚመጣው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛል፤ ባለ አራት ምቱ ትንሽ ያንቀላፋና ይታገሣል፤ ባለ ሁለት ምቱ ግን ቤንዚኑ ላይ ዘይትም ስላለ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ያረጥባል፣ ጠዋት አልነሣም ይላል። መፍትሔው የቤንዚን ማሳለፊያዋን ትንሽ ነሐስ፣ ጂግለሯን፣ ቀዳዳዋ በጠበበ መለወጥ ነው። እኔም ለወጥኩ። ሞተሩ ተቀየረ፤ ድምፁ ጠራ፤ ካንዴላው የቡና ቀለም ያዘ።

ነገር ግን ለጅማ የተስተካከለ ጂግለር ለጎጀብ አይሆንም። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ቦንጋ ስሄድ፣ ሸቤን አልፌ ወደ ጎጀብ ሸለቆ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለት ቤንዚን ዘግቼ ወረድኩት። በእኔ ዲቲ ላይ የዘይት ፓምፑ ከእኔ በፊት በነበረው ሰው ተነቅሎ ስለነበር ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በእጄ እየቀላቀልኩ ነበር የምነዳው። ይህ ማለት ቤንዚን ሲዘጋ ዘይትም ይዘጋል ማለት ነው፤ ሞተሩ ግን በጎማው እየተገፋ በከፍተኛ ዙር መዞሩን አላቆመም። ታች ሜዳው ላይ ስደርስ ሙቀቱ ጨምሯል፣ አየሩ ወፍሯል፣ በጠባቧ ጂግለር የሚያልፈው ቤንዚን ደግሞ ለወፈረው አየር አንሷል። እኔም ይህን ሁሉ ሳላስብ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድኩም። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ነከሰ፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የኋላው ጎማ ቆመ። ፍሪሲዮኑን በጊዜ ስለጨበጥኩ አልወደቅኩም፤ ጣቶቼን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍሪሲዮን ላይ አንሥቼ አላውቅም። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ ተደረገና ትልቅ ፒስተን ገባለት።

መካኒኩ በዚያን ጊዜ አልተቆጡኝም፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዘይቱን በምን ትለካለህ?» «በሲኒ» አልኳቸው፤ «አንድ ሲኒ ለሦስት ሊትር።» ይህ በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሠራበት ልክ ነው፤ የቡና ሲኒ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ከያዘች አንድ ለአርባ ይሆናል፤ ለአሮጌ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር መጥፎ ልክ አይደለም። «በየትኛዋ ሲኒ?» አሉኝ። እውነትም እናቴ ቤት ያለችውና እኔ ቤት ያለችው ሲኒ እኩል አይደሉም፤ ሙሉና ጎደሎ አድርጎ መቅዳትም አለ። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት መለኪያ ጠርሙስ ይዤ እዞራለሁ፤ ለአምስት ሊትር 125 ሚሊ ሊትር። የሚሸጠው ዘይትም የባለ ሁለት ምት መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ከአንድ ሱቅ በባለ ሁለት ምት ስም የገዛሁት ዘይት በአንድ ወር ውስጥ ማርሚታዬን በጥቀርሻ ደፍኖት ያውቃልና።

ስለ ቤንዚን ፍጆታ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ድብልቅ ከኪስ የሚያመልጥ ገንዘብ ነው። ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዲቲው ለዚያ መንገድ ከኤክስኤሉ አንድ ሊትር ያህል የበለጠ ይጠጣብኛል። (አጋሮን የሚከብባት ወረዳ ስሙ ጎማ መሆኑ፣ ጎማ የፈነዳበትን ሰው ሁሉ «ጎማ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ» እንዲል ያደርገዋል፤ እኔም ብዬዋለሁ።) በጥገና በኩል ግን ሚዛኑ ወደ ዲቲው ያዘነብላል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ባልቦላ የለም፤ አራት ብሎን ከተፈታ ፒስተኑ ይታያል፤ ፋሻና ጓርኒሲዮን ካለ ማንም ልምድ ያለው ሰው በግማሽ ቀን በማንጎ ዛፍ ሥር አድሶ ያስነሣዋል። ኤክስኤሉ ቶሎ አይበላሽም፤ ሲበላሽ ግን ባልቦላው መሞረድ፣ የካሙ ሰንሰለት በምልክቱ መግጠም፣ ክፍተቱም በሚሊ ሜትር መቶኛ መለካት አለበት። አንዱ ደጋግሞ ትንሽ ያስከፍላል፤ ሌላው አልፎ አልፎ ብዙ ያስከፍላል።

በውድድሩ ዓለም ባለ አራት ምቱ የተመለሰው በያማሃ በኩል ነው። አሜሪካዊው ዳግ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1997 በላስ ቬጋስ ሱፐርክሮስ ገና ለገበያ ባልቀረበ 400 ሲሲ ባለ አራት ምት ባለ ሁለት ምቶቹን ቀደመ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋይዜድ 400 ኤፍ ለሽያጭ ወጣ፤ ሄንሪም በእርሱ የአሜሪካን የሞቶክሮስ ሻምፒዮና ወሰደ። ደንቡ ትልቅ ሲሲ ስለፈቀደለት የተገኘ ድል ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ያ ሲሲ ባይፈቀድለት ኖሮ በፈረስ ጉልበት አይደርስባቸውም ነበር። ነገር ግን አሽከርካሪዎቹ የወደዱት ቁጥሩን አልነበረም፤ ከኩርባ ሲወጡ ጎማው መሬት መያዙን ነው። ያው የማና ዳገት ነገር ነው። ባለ ሁለት ምቱም አልሞተም፤ የኦስትሪያው ኬቲኤም እ.ኤ.አ. በ2017 ካርቡሬተር የሌላቸው፣ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ መርፌ የሚረጩና ዘይቱን ከራሱ ጋን የሚወስዱ 250 እና 300 ሲሲ የኢንዱሮ ሞተሮች አስተዋወቀ። እነዚህ የአየሩን ግፊት ራሳቸው ለክተው ልካቸውን ያስተካክላሉ። ከጅማ ጎጀብ፣ ከጎጀብ ቦንጋ በአንድ ቀን ለሚወርድና ለሚወጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ፈጠራ አይታየኝም፤ ዋጋቸው ግን ከእኔ ቤት ጋር አንድ ላይ የሚነሣ አይደለም።

እኔ የቻልኩት የዲቲዬን የኋላ ጥርስ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላ ጎማ ባለ ጥርስ ክብ፣ መለወጥ ነው። ሦስት ጥርስ የሚበልጥ አስገጠምኩ፤ ይህ በተመሳሳይ ፍጥነት የሞተሩን ዙር ከፍ ስለሚያደርግ፣ በዳገት ላይ ከማርሚታው ክልል ቶሎ እንዳይወጣ ይረዳዋል፤ በአስፋልት ላይ ግን ጫፍ ፍጥነቱን ቀንሶታል፤ ወደ ሰቃ በሚወስደው ሜዳ ላይ ባጃጆች እያለፉኝ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ እንዳቆመ ወደ ማና ይዤው ሄድኩና ያንን ዳገት በአንደኛ ማርሽ፣ ያለ ፍሪሲዮን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተንሸራትቼ ወጣሁት። አናቱ ላይ ደርሼ ለባለቤቴ ወንድም ስለ ጥርሱ፣ ስለ ዙሩና ስለ ሞገዱ በዝርዝር አስረዳሁት። እስከ መጨረሻ አዳምጦኝ «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለና፣ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እርሱ ዘንድ የከረመውን ኤክስኤል ከጥላው አውጥቶ ማዳበሪያውን በእርሱ ላይ ያስር ጀመር።